ቁልቁለት የሚያጋልጠው ካምቢዮ
ስለ አሮጌ ፓወርሺፍት ትራክተር፣ ስለ ማርሹ ሕመምና ስለ ምርመራው ቅደም ተከተል

ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ደግሞ ደባርቅ ይገኛሉ። በዙሪያቸው የተዘረጋው የወገራ ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች አብቃይ ነው። ደባርቅን አልፈው ጥቂት እንደተጓዙ ግን ሜዳው ያልቃል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጠረቡት የሊማሊሞ መንገድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። በዚህ አካባቢ የአብዛኛው ገበሬ ጉልበት ዛሬም ጥማድ በሬ ነው። ትራክተር ሲገኝ ግን ሥራው አንድ ብቻ አይሆንም። በኩታ ገጠም የተያያዘ ማሳ ያርሳል፤ የእርሻው ወቅት ሲያልፍ ተሳቢ አስከትሎ እህል፣ ድንጋይና አሸዋ ያመላልሳል።

እንዲህ የሚለፋ ትራክተር ዕድሜው ሲገፋ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ማርሹ ነው። ካምቢዮው ፓወርሺፍት ከሆነ ደግሞ ሕመሙ መካኒኮች ከለመዱት የጥርስና የኩሽኔታ ሕመም ይለያል፤ ምርመራውም እንዲሁ። ሜዳ ላይ ሲያርስ ብዙም ያልታየ ጥፋት ቁልቁለት ላይ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ስለዚህ ካምቢዮውን ማወቅ የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የሹፌሩም የባለቤቱም ጉዳይ ነው።

ሳይቆም የሚቀየር ማርሽ

በተለመደው ካምቢዮ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ከሞተር ወደ ጎማ የሚሄደው ጉልበት ይቋረጣል፣ አንዱ ማርሽ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ ያቺ አፍታ አትታወቅም፤ በያዘው ፍጥነት ይንሸራተታል። ማረሻው አፈር ውስጥ የገባ ትራክተር ግን ጉልበቱ እንደተቋረጠ ቀጥ ይላል፤ እንደገና ለመነሳትም ይቸገራል። ፓወርሺፍት የተፈጠረው ይህን ለማስቀረት ነው፦ ጥማዱን ከትልሙ ሳያወጡ የደከመውን በሬ በትኩስ በሬ እንደ መተካት ያለ ዘዴ ነው።

ውስጡ እንዲህ ነው። ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይሽከረከራሉ። ከመካከላቸው የትኛው ጉልበት እንደሚያስተላልፍ የሚወስኑት በዘይት ውስጥ የተነከሩ ትናንሽ ፍሪሲዮኖች ናቸው። እያንዳንዱ ፍሪሲዮን የብረት ዲስኮችና የመያዣ ሽፋን ያላቸው ዲስኮች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ጥቅል ነው። ከፓምፕ የመጣ ዘይት ፒስተኑን ሲገፋው ዲስኮቹ ይጨመቁና አንድ ላይ ይዞራሉ። ግፊቱ ሲለቀቅ ሞላው ፒስተኑን ይመልሰዋል፣ ዲስኮቹም ይላቀቃሉ። ሹፌሩ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ የሚያደርገው ከአንዱ ጥቅል ዘይቱን ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። በሌላ አነጋገር በዚህ ካምቢዮ ማርሹን ይዞ የሚያቆየው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲደክም ማርሹ ይከዳል።

የትራክተር ሠሪዎች ወደዚህ የደረሱት ደረጃ በደረጃ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር እ.ኤ.አ. በ1954 እየሄደ ፍጥነት የሚቀንስ ተጨማሪ ደረጃ አወጣ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደፊት 10 ደረጃ ያለውን ሴሌክት-ኦ-ስፒድ አመጣ። ማሲ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ማልቲ ፓወርን፣ ጆን ዲር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደፊት 8፣ ወደ ኋላ 4 ማርሽ ያለውን ሙሉ ፓወርሺፍት በ4020 ትራክተሩ ላይ አስተዋወቁ።

በኢትዮጵያ ትራክተር በስፋት የታወቀው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በ1960 ዓ.ም. የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ፣ የሰሊጥና የማሽላ ሰፋፊ እርሻዎች ደግሞ በሁመራ ቆላ የትራክተር እርሻን አስለመዱ። በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፋብሪካ ቤላሩስን ይገጣጥም ነበር። ብዙዎች የሚያውቁት ቤላሩስ 80 ወደፊት 18፣ ወደ ኋላ 4 ማርሽ ቢኖረውም ካምቢዮው የተለመደው ዓይነት ነው። የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ በ2011 ዓ.ም. ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ከፊል ፓወርሺፍት ያላቸው አዳዲስ ሞዴሎችም ይመጣሉ። በደባርቅና በዳባት መንገድ ላይ ሙሉ ፓወርሺፍትን ማየት የሚፈልግ ሰው ግሬደሩን፣ ሎደሩንና ዶዘሩን ይመልከት። መጠናቸው ቢለያይም የካምቢዮው መርህ አንድ ነው፤ የምርመራው መንገድም አንድ ነው።

ሞተሩ ነው ወይስ ካምቢዮው?

«ትራክተሩ አይጎትትም» የሚል ስሞታ ሲመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት ይህ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ሁመራ ላይ ያለ ችግር ሲያርስ የከረመ ትራክተር ወደ ወገራ ሲወጣ «ካምቢዮው ደከመ» ሊባል ይችላል፤ ያጠረው ግን አየር ነው።

ልዩነቱን ጆሮና ዓይን ይለዩታል። ጭነት ሲበዛ የሞተሩ ዙር ወርዶ የሚያቃስትና ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ የደከመው ሞተሩ ነው፦ የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ከፍታው ራሱ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ሳለ ትራክተሩ የሚዘገይ ከሆነና ጎማዎቹም በዚያው ልክ የሚዘገዩ ከሆነ ካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተት ነገር አለ። ጎማዎቹ እየዞሩ ትራክተሩ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጥፋቱ የመሬቱና የጎማው ነው፤ ክብደት መጨመር ወይም ማረሻውን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ካምቢዮን ለሁለት ከፍሎ ማየት ቀላል ሥራ አይደለም። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተከፈተ ካምቢዮ አንዲት የጎማ ቀለበት እየጠበቀ የእርሻውን ወቅት ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ይቅደም፤ ጥያቄውን ከሁሉ በተሻለ የሚመልሰውም ሹፌሩ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ማርሽ?» ነው። ሁሉም ማርሾች ከተንሸራተቱ ጥፋቱ ሁሉም ከሚጋሩት ነገር ይፈለጋል፦ የዘይቱ መጠን፣ የመምጠጫው ወንፊት፣ ፓምፑ፣ ዋናው የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ። አንዳንዶቹ ብቻ ከሆኑ ግን ትንሽ የሒሳብ ጨዋታ ብዙ ገንዘብ ያድናል። አራት ማርሽ ያለውን ቀላል ፓወርሺፍት እናስብ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚባሉ አራት ጥቅሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ማርሽ ሁለቱ ይሠራሉ። አንደኛ ሀ እና ሐ፣ ሁለተኛ ለ እና ሐ፣ ሦስተኛ ሀ እና መ፣ አራተኛ ለ እና መ ይሁኑ። አንደኛና ሦስተኛ እየተንሸራተቱ ሁለተኛና አራተኛ ደህና ከሆኑ፣ በታመሙት ሁለት ውስጥ ኖሮ በደህናዎቹ ውስጥ የሌለው ሀ ብቻ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ከታመሙ መ ነው። ሦስተኛ ብቻውን ከታመመስ? የሦስተኛ ጥቅሎች ሀ እና መ በሌሎች ማርሾች ላይ በደህና እየሠሩ ነው፤ ስለዚህ ዲስኮቹን ትቶ ወደ መቆጣጠሪያው መሄድ ይገባል፦ እጀታው፣ ማገናኛ ዘንጉ፣ ቫልቩ፣ ወይም ኤሌክትሪክ ካለው ሽቦው። የየማርሹ ጥቅሎች ሰንጠረዥ በጥገና መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ወደፊት እምቢ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሎደርም በዚሁ ስሌት ይመረመራል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ?» ነው። በደባርቅ የማለዳ ቁር ዘይት ይወፍራል። ማርሽ ከገባ በኋላ ትራክተሩ አመንትቶ ከተነሳ፣ ሙቀት ሲያገኝ ግን ከተስተካከለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዘይቱ ውፍረት ወይም በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ ነው። ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት በኋላ መንሸራተት የሚጀምር ግን የከፋ ወሬ ይዞ መጥቷል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላ ቀለበት፣ በተሰነጠቀ ጎሚኒ ወይም ባረጀ ፓምፕ በኩል እየሾለከ ግፊቱ ይወርዳል። ዘይት ማቀዝቀዣው በገለባና በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል፤ ቆላ ሠርቶ የመጣ ማሽን ሲገዛ ይህ ቀድሞ ይታይ።

ሦስተኛው የሕመሙ ጠባይ ነው። ማርሽ ሲገባ ትራክተሩ በኃይል የሚናጥ ከሆነ ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚሰጠው ቫልቭ ተጣብቋል ወይም ሞላው ተሰብሯል። ባዶ ማርሽ ላይ ሆኖ የሚንፏቀቅ ከሆነ ዲስኮቹ ተጣመዋል ወይም ተጣብቀዋል፤ አለዚያም የእጀታው ዘንግ ልኩን ስቷል። አንድ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ታንቆ የሚጠፋ ከሆነ አልለቅም ያለ ሌላ ጥቅል አለ፤ ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንደ ማስገባት ነው።

ዘይቱ የሚናገረው

ከጥያቄው ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል። ልኩ የሚነበበው በደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን እየሠራ መጽሐፉ ይነግራል። የጎደለ ዘይት ፓምፑን አየር ያስመጥጠዋል። የተትረፈረፈም ደግ አይደለም፤ ጥርሶቹ እየደበደቡት አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ፒስተን መግፋት አይችልም። ዳገት ላይ ብቻ የሚንሸራተት ትራክተር ካለ ትራክተሩ ሲያጋድል ዘይቱ ከመምጠጫው አፍ ይሸሽ እንደሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቀለሙ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። የተቃጠለ ከሸተተ ዲስክ እየነደደ ነው። ፊልትሮው ተቀዶ ሲዘረጋ ጥቁር ቅርፊት ከታየ የዲስኮቹ ሽፋን እየተላጠ ነው፤ የነሐስ ብናኝ ካብለጨለጨ ከነሐስ የተሠራ ዲስክ ወይም ማረፊያ እየተበላ ነው፤ ማግኔት ላይ የሚጣበቅ የብረት ስንጥር ከኩሽኔታ ወይም ከጥርስ ይመጣል።

የዘይቱ ዓይነትም ከመጠኑ አያንስም። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ወፍራሙ 90 ዘይት ቀጭን ቀዳዳና ቫልቭ ላለው ካምቢዮ አይሆንም፤ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ የዲስኮቹንም አያያዝ ያበላሻል። ብዙ ትራክተሮች አንዱን ዘይት ለካምቢዮውም፣ ለማንሻውም፣ አንዳንዴም እርጥብ ለሆነው ፍሬን ይጠቀማሉ። የተሳቢው ማንሻ ቱቦ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ጫፉ ላይ ያለው አፈር ወደዚያው ዘይት ይገባል። ጫፉን በጨርቅ መጥረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን የካምቢዮውን ቫልቭ ነው።

ቀጥሎ በውጭ ያለው ሁሉ ይፈተሻል፦ የተጣመመ ዘንግ፣ የተረዘመ ኬብል፣ ልኩን ያጣ ፔዳል። ማርሹ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ከሆነ የባትሪ ጫፎችና ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ ይጽዱ። ሶሌኖይድ ከተጠረጠረና ጎረቤቱ ተመሳሳይ ከሆነ ሁለቱን ማቀያየር ነው። ሕመሙ ወደ ሌላው ማርሽ ከዞረ ጥፋቱ የሶሌኖይዱ ነው፤ በነበረበት ከቀረ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ጌጁ ሲፈርድ

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ የግፊት ጌጅ ይታሰራል። አብዛኞቹ ፓወርሺፍቶች ለዚሁ የተዘጋጁ ቡሎን የተገጠመላቸው ቀዳዳዎች አሏቸው። ዘይቱ እስከ ሥራ ሙቀቱ ይሙቅ፣ ሞተሩ መጽሐፉ ባለው ዙር ይሥራ፤ ከዚያ በየማርሹ ያለው ግፊት ተራ በተራ ይጻፍ። በብዙ አሮጌ ሞዴሎች የሚጠበቀው ከ10 እስከ 25 ባር ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው የየሞዴሉ መጽሐፍ ነው።

ፍርዱ ሦስት ነው። በሁሉም ማርሽ ዝቅ ካለ ፓምፑ፣ ወንፊቱ ወይም ዋናው ቫልቭ ነው፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ካምቢዮው ሳይከፈል ሊደረስባቸው ይችላል። በሌላው ደህና ሆኖ በአንዱ ጥቅል ላይ ብቻ ከወረደ ዘይቱ እዚያ ጥቅል ላይ እየሾለከ ነው፤ ጎሚኒው ወይም የዘንጉ ቀለበት አልቋል። ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ማርሹ ከተንሸራተተ ዘይቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ያለቁት ዲስኮቹ ናቸው። ካምቢዮው መከፈት ያለበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍርድ ነው፤ ያኔም መካኒኩ የሚፈልገውን አውቆ፣ መለዋወጫውን በእጁ ይዞ ይከፍታል።

ማልቲ ፓወርና የተደበቀው ሕመም

ከአሮጌዎቹ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች መካከል ማልቲ ፓወር ያላቸው ከመሪው አጠገብ ባለች ትንሽ እጀታ ይታወቃሉ። እጀታዋ «ከባድ» እና «ፈጣን» የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሏት፤ 6 የነበረውን የወደፊት ማርሽ 12፣ 2 የነበረውን የኋላ ማርሽ 4 ታደርጋለች። ሁለቱ ቦታዎች ግን በአሠራር አይመሳሰሉም። ፈጣኑን የሚይዘው በዘይት ግፊት የሚጨመቅ የዲስክ ጥቅል ነው። ከባዱን የሚይዘው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነክስ የብረት ማያያዣ ነው። ሞተሩ ጎማውን ሲነዳ ይነክሳል፤ ጎማው ሞተሩን ሊያስከነዳ ሲል ይለቃል፣ ልክ ሲወርዱ የማይረገጥ የብስክሌት ፔዳል በነፃ እንደሚቆመው።

አደገኛው ነገር እዚህ ላይ ነው። የፈጣኑ ጥቅል ሲያረጅ ማሳ ላይ ወይም ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ትራክተሩ ግን አይቆምም፤ ፍጥነቱ እስከ ከባዱ ደረጃ ሲወርድ የብረቱ ማያያዣ ይነክስና ይቀጥላል። ሹፌሩ «አፈሩ ከበደው» ብሎ ያልፈዋል። እርሻው ይታረሳል፣ ጥቅሉም ዘይቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይነዳል። ተሳቢው ተጭኖ ቁልቁለት ሲጀመር ግን የብረቱ ማያያዣ አይረዳም፤ ሞተሩ ትራክተሩን እንዲይዝ የሚያደርገው ያ ያለቀው ጥቅል ብቻ ነበር። የሞተር ፍሬን የለም፤ የቀረው የእግር ፍሬን ነው፤ ተሳቢው ደግሞ ከኋላ ይገፋል።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ሊደረግ የሚገባውም በደልዳላ መሬት ላይ ነው። ትራክተሩ በመካከለኛ ማርሽ እየሄደ እጀታዋ ከከባድ ወደ ፈጣን ስትዞር ፍጥነቱ በግልጽና ወዲያው መጨመር አለበት። ከዚያ በፈጣኑ እያለ እግር ከናፍጣ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ ትራክተሩን ይዞ ማዘግየት አለበት። ፍጥነቱ ካልጨመረ ወይም ትራክተሩ በነፃ ከተንሸራተተ ጥቅሉ እየያዘ አይደለም፤ ዘይቱና ግፊቱ ይታዩ። መንሸራተቱ በሁለቱም የእጀታ ቦታዎች ካለ ደግሞ ጥፋቱ ከማልቲ ፓወሩ ሳይሆን ከሞተሩ ኋላ ካለው ዋናው ደረቅ ፍሪሲዮን ይሆናል። በፈጣኑ እየሄደ በከባዱ ፈጽሞ አልሄድም ካለ የተሰበረው የብረቱ ማያያዣ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚወጡ ደንቦች ለስሜን ቁልቁለት ሕግ ናቸው። ቁልቁለት ሁልጊዜ በፈጣኑ ቦታ፣ ከዋናው ካምቢዮ ግን ዝቅተኛ ማርሽ ተመርጦ ይወረዳል፤ ምርጫው የሚደረገውም መውረድ ሳይጀመር ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር ማጥፋት ክልክል ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ግፊቱ ይሞታል፣ ጥቅሉም ይለቃል። በዚሁ ምክንያት ማልቲ ፓወር ያለው ትራክተር ማርሽ አስገብቶ ማቆም ዋስትና አይሆንም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው በድንጋይ ይታገድ። ባትሪ ሲደክም ወደፊት ገፍቶ ለማስነሳት መሞከርም ከንቱ ድካም ነው፤ ማያያዣው ከጎማ ወደ ሞተር ጉልበት አያሳልፍም።

በሙሉ ፓወርሺፍት የሚሠሩት ግሬደርና ሎደርም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በእነሱም የሞተሩን ፍሬን የሚያደርሰው በግፊት የተያዘ ጥቅል ነው፤ ሜዳ ላይ ትንሽ የሚንሸራተት ማርሽ ሊማሊሞ ላይ ጨርሶ ሊለቅ ይችላል።

እስከ መኸር ይድረስ?

ባለቤቶች የሚጠይቁት የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነው። የጠዋት ማመንታት ከሆነ ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሮ መቀጠል ይቻላል። ማርሽ ሲገባ መናጥ ከሆነም ዙሩን ዝቅ አድርጎ እየቀየሩ ጥቂት ጊዜ መሥራት ይቻል ይሆናል። መንሸራተት ከሆነ ግን መልሱ አይደርስም ነው። የሚንሸራተት ጥቅል በየሰዓቱ ይነዳል፤ ፍርፋሪው በጋራው ዘይት ተጉዞ ፓምፑንና ማንሻውን ይበላል፤ የአንድ ጥቅል ዋጋ የሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ይሆናል። ሥራ የግድ ካለ ትራክተሩ ደልዳላ ማሳ ላይ፣ በማይንሸራተተው ማርሽ ብቻ ይሥራ። ተሳቢው ግን ይፈታ፤ ጌጁ ታስሮ ፍርዱ እስኪታወቅ ድረስም ያ ትራክተር ቁልቁለት አይውረድ።